ልጆች እንቅስቃሴን እንዴት ይማራሉ? ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ላሏቸው የባሕር ዳር ወላጆችና መምህራን

በባሕር ዳር ከመዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ልጁን የሚረከብ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዛሬ ምን ጻፍክ?» ብሎ ነው። ደብተር ይገለጣል፣ ፊደል ይቆጠራል፣ የመምህርቷ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይታያል። ልጁ በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደዘለለ፣ ኳስ ቀልቦ እንደሆነ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ እስከ ስንት እንደቆጠረ ግን በደብተር ላይ ስለማይሰፍር የሚጠይቅ የለም። ይህ መመሪያ ለዚያ ለማይጠየቀው የትምህርት ክፍል የተዘጋጀ ነው። የሚመለከተውም መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉትን፣ የኦ ክፍል ተማሪዎችን፣ እንዲሁም እቤት ከአያት ወይም ከሞግዚት ጋር የሚውሉትን ልጆች ነው።

የልጅ ሰውነት የሚታዘዝለት ከላይ ወደ ታችና ከመሐል ወደ ዳር ነው። ሕፃን አስቀድሞ አንገቱን ያቀናል፣ ቀጥሎ ይቀመጣል፣ ቆይቶም ይቆማል፤ በዚሁ ሥርዓት ትከሻውን ከክርኑ፣ ክርኑን ከእጅ አንጓው፣ አንጓውንም ከጣቶቹ ቀድሞ መቆጣጠር ይችላል። በእጅ አንጓ ውስጥ ካሉት 8 ትናንሽ አጥንቶች አብዛኞቹ ልጁ ሲወለድ ገና ለስላሳ ናቸው፤ 7ቱ እስከ 6 ወይም 7 ዓመት ባለው ጊዜ ተራ በተራ መጠንከር ይጀምራሉ፣ 8ኛው ከዚያም ይዘገያል። እንግዲህ የ4 ዓመት ልጅ ገጽ ሙሉ «ሀ» እንዲጽፍ ታዝዞ በሦስተኛው መስመር እጁን የሚያራግፈው ከስንፍና አይደለም። ትከሻውና ወገቡ ገና ሳይጸኑ፣ አንጓው ገና ሳይጠና ከጣቱ ብዙ ተጠይቋል። እንጨት ላይ ሲንጠላጠል፣ ሲድህ፣ ሲወረውርና ሲቆፍር የሚውል ልጅ ለእርሳሱም እየተዘጋጀ ነው።

በዚህ መመሪያ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ ልጁ አንድ ነገር ሲያቅተው ልጁን ከማረም በፊት ዕቃውን፣ ርቀቱንና ቦታውን ይቀይሩ። ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት 40 ልጆችን በአንድ መስመር አሰልፌ አንዲት ኳስ ተራ በተራ እንዲመቱ አደርግ ነበር። አንዱ መትቶ ኳሷ ለቀጣዩ እስክትደርስ 20 ሰከንድ ያህል ቢፈጅ በ30 ደቂቃ 90 ምት ይሆናል፤ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 2 ምት ሲሆን፣ ቢበዛ ለጥቂቶች 3 ነው። በቀረው ጊዜ ልጆቹ የተማሩት ሰልፍ መያዝንና ፊት ያለውን መገፍተርን ነበር። በሚቀጥለው ወር ወላጆች አሮጌ ካልሲ እንዲልኩ ጠየቅሁ፣ ውስጡን በጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልተን አፉን አሰርን፣ ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የጠፋው ሰልፉና ጩኸቴ ብቻ ነበር።

ጊዜውና ቦታው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ሊያሳልፉ ይገባል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60ው ደቂቃ ልብን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታና ትንፋሽ የሚያስቆርጥ መሆን አለበት። በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታስረው ወይም ታዝለው እንዳይቆዩ፣ በስክሪን ፊት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጡ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙም ይመክራል። 180 ደቂቃ ሲባል የሚደነግጥ ወላጅ አለ፤ ነገር ግን ይህ ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም አይደለም። ወደ ሱቅ በእግር መሄድ፣ ግቢ መጥረግ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር መባረር ሁሉ ይደመራል። በባጃጅ የሚሄዱትን የ10 ደቂቃ መንገድ በእግር ቢያደርጉት እንኳ ከሒሳቡ ጥቂቱ ተቀነሰ ማለት ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነ፣ ከቤት ውጭ የሚደረገው ጨዋታ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቢሆን ይሻላል። ከተቻለ ሰፊ ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ይምረጡ፤ የጎዳናዎቻችን ዘንባባ ለዓይን ያምራል እንጂ ለ20 ልጅ የሚበቃ ጥላ አይሰጥም። ሜዳውን ልጆቹ ሳይገቡ አንድ ሰው ዞሮ ይየው፤ ጠርሙስ ስባሪ፣ እሾህና ሽቦ ይለቀም።

ስለ ጣና ዳርቻ ግልጹን መናገር ያስፈልጋል። ሣሩና ነፋሱ ለሩጫ የተመቸ ነው፤ ውሃው ግን ለትናንሽ ልጆች መጫወቻ አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ ቢልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ነው፤ ትሉ በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በእግር ቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ ደንገልና ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ለአፍታ መንቦጫረቅም አደጋ አለው። ጉማሬም አለ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝም የምትነሣው ሲመሽ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤት መመለስ ይበጃል። ስለዚህ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብለው ገመድ ወይም የድንጋይ መስመር ያብጁና ልጆቹ ያንን ድንበር በጨዋታ እንዲያውቁት ያድርጉ፤ «እስከ ገመዱ ሩጡና ተመለሱ» የሚለው ትእዛዝ ከአሥር ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይያዛል።

ዓባይን መሻገር

ዝላይን ለማስተማር ሁለት ገመድ ይበቃል። ገመዶቹን መሬት ላይ ያንጥፏቸው፤ በአንደኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ብቻ ይራራቁ፣ በሌላኛው ጫፍ ግን አንድ ሜትር ያህል ይስፉ። ጠባቡ ጫፍ ግሽ ዓባይ ነው፣ ሰፊው ደግሞ ባሕር ዳር ድልድዩ ጋ ነው ይበሏቸው። እያንዳንዱ ልጅ የሚሻገርበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። ፈሪዋ ከምንጩ ትጀምራለች፣ ደፋሩ ወደ ድልድዩ ይሄድና ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሳቅ ይሆናል፣ ጥቂት ወደ ላይ ተመልሶ ደግሞ ይሞክራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳያዝዛቸው እያንዳንዳቸው ለአቅማቸው ትንሽ የሚከብደውን ስፋት አግኝተው ያንኑ ሲደጋግሙ ያያሉ።

ይኸው ዘዴ ለከፍታ ዝላይም ይሠራል። ሙስካ ሞስተን የተባለው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ምሁር ያስተዋወቀው የዘመመ ገመድ ምሳሌ በብዙ አገር መምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። ገመድ አግድም ቀጥ ብሎ ከተያዘ ያልቻለው ልጅ ይወጣል፤ ልምምድ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ያ የወጣው ልጅ ነው። ገመዱ አንድ ጫፉ መሬት ነክቶ ሌላው ጫፍ እስከ ልጅ ጉልበት ከፍ ብሎ ከዘመመ ግን የሚወጣ የለም። ለዚህ ጨዋታ ላስቲክ ወይም በቀላሉ የሚላቀቅ ገመድ ይጠቀሙ፣ እግር ሲጠልፈው ልጁን እንዳይጥለው።

ሲያርፉ ጉልበታቸውን አጠፍ እንዲያደርጉ ማስተማር ያስፈልጋል። «ጉልበታችሁን እጠፉ» ከማለት «ድመት ስትወርድ እንደምትሆነው ያለ ድምፅ ውረዱ» ቢሏቸው ይቀላል። የ4 ዓመት ልጅ ስለ ጉልበቱ ማሰብ ሲጀምር መዝለሉን ይረሳል፤ ስለ ድመቷ ሲያስብ ግን ጉልበቱ ራሱ ይታጠፋል።

በአንድ እግር መዝለል ቆይቶ የሚመጣ ችሎታ ነው፤ ብዙ ልጆች እስከ 5 ዓመታቸው ድረስ ይጨብጡታል። ከዚያ በፊት ልጁን በሰኞ ማክሰኞ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ የ3 ዓመት ልጅ ካሬዎቹን በሁለት እግሩ ይዝለል፣ ጠጠር መግፋቱም ይቅርለት። ካሬዎቹን የሚሥሉት ሰዎች (ታላላቅ እኅቶች ናቸው ብዙ ጊዜ) ለራሳቸው እግር ስለሚለኩት ለትንሹ ይሰፋበታል፤ ለእርሱ ጠበብ ያለ ሌላ ይሣልለት። ሚዛንን በተመለከተ ደግሞ ልዩ መሣሪያ ሳይፈልጉ ልጁ ሱሪውን ቆሞ እንዲለብስ መተው ጥሩ ልምምድ ነው። መጀመሪያ ግድግዳ ይደገፋል፣ ቀስ በቀስ በጣት ጫፍ ብቻ ይነካል፣ አንድ ጠዋት ምንም ሳይነካ ይለብሳል። የሚያስቸግረው ጠዋት የሚቸኩለው ወላጅ ነው።

መወርወርና መቅለብ

መወርወርን የሚጀምር ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ በክርኑ ብቻ ይወረውራል። በኋላ አንድ እርምጃ ይጨምራል፣ ግን በሚወረውርበት እጁ በኩል ባለው እግር። በመጨረሻ ቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ በግራ እግሩ ወደ ፊት ተራምዶ ወገቡን ያዞራል። ይህን በቃል ለማስረዳት መሞከር ዋጋ የለውም። መሬት ላይ በጠመኔ ወይም በከሰል የግራ እግር ቅርጽ ይሣሉና «ስትወረውር እዚህ ላይ ርገጥ» ይበሉት። ደግሞም ዒላማው ትንሽ ከሆነ ልጁ ላለመሳት ሲል እጁን ስለሚሰበስብ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ዒላማውን ትልቅ አድርገው በኃይል እንዲወረውር ይፍቀዱለት። ባዶ ባለ20 ሊትር ጀሪካን በጣም ጥሩ ነው፤ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከማንኛውም «ጎበዝ» የበለጠ ልጁን ያስደስታል። ከካልሲ ኳስ በስተቀር ሌላ ነገር አይወረወርም የሚለው ሕግ ግን በመጀመሪያው ቀን ይነገር፣ ድንጋይ በእጃቸው ይገባልና።

መቅለብ ከመወርወር ይከብዳል፤ ምክንያቱም ልጁ ኳሷ የት እንደምትደርስ ከመድረሷ በፊት መገመት አለበት። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቅ ልጅ ፈርቷል፤ «ዓይንህን ግለጥ» ቢሉት ይብስበታል። ኳሷን ይተዉና የእናቱን ቀጭን ሻሽ ያምጡ። ሻሽ ወደ ላይ ሲጣል ቀስ ብሎ እየተንሳፈፈ ስለሚወርድ ልጁ አይቶ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል፣ ፊቱንም ቢነካው አያምም። ሻሹን በሁለት እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎም አንዴ አጨብጭቦ ከያዘ በኋላ ወደ ትልቅ ለስላሳ ኳስ ይሻገሩ፤ መጀመሪያ መሬት ለመሬት አንከባልለው፣ ከዚያ አንዴ አንጥረው፣ በመጨረሻ በአየር። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ደረቱ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይጣሉለት። በዚህ መንገድ የሄዱ ልጆች በ4 ዓመታቸው ትልቅ ኳስ ብዙውን ጊዜ ይቀልባሉ። ፊኛም እንደ ሻሹ ያገለግላል፣ ሆኖም ሲፈነዳ ቁርጥራጩ ወደ ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ስለሚገባ ወዲያው ይለቀም።

ጣት የሚሠለጥንበት ወጥ ቤት

ከገበያ የሚገዙ የጣት ማሠልጠኛ መጫወቻዎች አሉ፤ አላስፈላጊ ናቸው ባልልም ከአንድ ትሪ ምስር ይበልጣሉ ብዬ አላምንም። ምስር መልቀም አውራ ጣትንና ጠቋሚ ጣትን ያገናኛል፣ ዓይንን ያስተባብራል፣ ልጁም ለቤቱ እውነተኛ ሥራ እንደሠራ ያውቃል። ነጭ ሽንኩርት መላጥ ሁለቱ እጆች የተለያየ ሥራ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ አንደኛው ይይዛል፣ ሌላኛው ይገፋል፤ ወረቀት ይዞ ለመጻፍም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እሸት ባቄላ መፈልፈል፣ ሊጥ መድቆስ፣ በትንሽ ጆግ ውሃ ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላ መገልበጥ ሁሉም ይጠቅማሉ። የ3 ዓመት ልጅ ግን ጥራጥሬ በአፍንጫውና በጆሮው መክተት ስለሚወድ ብቻውን አይተውም።

እንጀራ ራሱ ትምህርት ነው። ልጅን እስከ 5 ዓመቱ ድረስ እያጎረሱ ማሳደግ ፍቅር ነው፤ ያልተጎረሰ ልጅም በእኛ ቤት የለም። ሆኖም ከእያንዳንዱ ማዕድ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጉርሻዎች ራሱ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ ይብላ። ልብሱ ይቆሽሻል።

በሐይቁ ዳር ያለን ሌላ ሀብት ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ከሚጥሉት ቁርጥራጭ ጥቂት ዘንግ ለምነው የልጅ ክንድ በሚያህል ርዝመት ይቁረጡት። ልጁ አምስት ወይም ስድስቱን ጎን ለጎን ደርድሮ ሁለቱን ጫፍ በክር ያስራል። የ4 ዓመቱ ክሩን ይጠመጥማል፣ ቋጠሮውን እርስዎ ይጨርሱታል፤ የ6 ዓመቱ ራሱ ይቋጥራል። የተሠራችው ታንኳ በሳፋ ውሃ ላይ ትንሳፈፍ፣ አንዳንዷም ትስጠም። ከዚያ ልጆቹ ወለል ላይ በተርታ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ አንድ ዱላ በሁለት እጁ መሐሉን ይዞ፣ ታንከኛ እንደሚያደርገው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይቅዘፉ። እጅ የሰውነትን መሐል መስመር ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን የሚሄድበት ይህ እንቅስቃሴ፣ በኋላ ልጁ ከደብተሩ ግራ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ቀኝ ጫፍ እጅ ሳይቀያይር እንዲጽፍ ይረዳዋል።

የትኛው እጅ እንደሚበረታ ብዙ ጊዜ እስከ 4 ዓመት ገደማ ይለያል። ግራኝ የሆነውን ልጅ በእርሳስና በማንኪያ ጊዜ እጁን መምታትም ሆነ ማሰር ምንም አይጠቅምም፤ የሚያተርፈው ልጁን ቀርፋፋ ማድረግ ነው። ማዕድ ላይ በቀኝ መብላት የቤቱ ሥርዓት ከሆነ ያንን በፍቅር ያስተምሩት፣ እርሳሱን ግን ለእጁ ይተዉለት።

ዝናብ ሲይዝ

ከሰኔ እስከ መስከረም ግቢው ጭቃ ስለሚሆን ሥራው ወደ ክፍል ይገባል። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው የእንስሳት አካሄድ ያሠሩ፤ እንደ ጉማሬ በአራት እግር ከብዶ መሄድ፣ እንደ እንቁራሪት መዝለል፣ እንደ ፈረስ መጋለብ። እስክስታም አለን። ትከሻን ከወገብ ለይቶ በምት ማንቀሳቀስ ለአካል ቁጥጥር ከባድና ምርጥ ልምምድ ሲሆን፣ ለጎጃም ልጅ ደግሞ የሚያሳፍረው ሳይሆን የሚያስመካው ነገር ነው። አኩኩሉ በክፍል ውስጥም ይሆናል፤ የተገኘው ልጅ ከጨዋታ ከመውጣት ፈንታ ፈላጊውን ይርዳ።

መቼ ወደ ሐኪም ይኬድ?

ልጆች በተለያየ ፍጥነት ያድጋሉ፤ የጎረቤት ልጅ መለኪያ አይሆንም። ግን ሊናቁ የማይገባቸው ምልክቶች አሉ። በማንኛውም ዕድሜ ይችለው የነበረውን ነገር ያጣ ልጅ ሳይዘገይ ይታይ። እስከ 18 ወር ያልሄደ፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ከ3 ዓመት በኋላ ዘወትር የሚወድቅ ወይም ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፣ ሁልጊዜ በእግሩ ጣት ብቻ የሚራመድ ልጅም እንዲሁ። ከወለል ሲነሣ እጆቹን በጉልበቱ ከዚያም በጭኑ ላይ እየተመረኮዘ ራሱን ሽቅብ የሚገፋ ልጅ የጡንቻ ድክመት ሊኖረው ይችላል። ከ3 ዓመት በኋላም እግሩ የጎበጠ ልጅ፣ በተለይ ከፀሐይ ተሸሽጎ ያደገ ከሆነ፣ ለሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት ለሚመጣ የአጥንት መለስለስ) ይመርመር። መጀመሪያ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከዚያ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከዓባይ መሻገሪያው ጨዋታ አይለይ፤ በክራንች፣ በመዳህም ሆነ በሰው እጅ ተደግፎ የሚሻገርበት ስፋት አለው።

ብስክሌት

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት የቤት ዕቃ ነው፣ ልጁም ቀድሞ የሚመኘው እርሱን ነው። የተለመደው መንገድ ከኋላ ሁለት ረዳት ጎማ መግጠም ነው። እኔ አልወደውም፤ ረዳት ጎማው ልጁን ፔዳል መርገጥ ያስተምረዋል፣ ከባዱን ነገር ማለትም ሚዛንን ግን ይደብቅበታል። በምትኩ ረዳት ጎማውንም ፔዳሉንም ያውልቁ። ባለ12 ኢንች ጎማ ብስክሌት ለአብዛኛው የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ይሆናል። ፔዳሎቹ ብዙ ጊዜ በ15 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ፤ ቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፣ የግራው ፔዳል ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ስለተቆረጠ የሚላላው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ ታግለው ጥርሱን የበሉት ብዙ ናቸው። የሚቀረውን የብረት ክንድ ቁርጭምጭሚት እንዳይመታ በአሮጌ ካልሲ አጥብቀው ይሸፍኑት፣ ኮርቻውንም ልጁ ሲቀመጥ ሁለቱ ውስጥ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪነኩ ዝቅ ያድርጉት።

ቁልቁለት የሌለው፣ ባጃጅ የማይገባበት ግቢ ይምረጡ፤ ፔዳል የሌለው ብስክሌት ፍሬኑ የልጁ እግር ነውና ጫማ ይልበስ፣ ራስ ቁርም ከተገኘ ያድርግ። ከኋላ ኮርቻውን ይዘው አይሩጡ። ልጁ መጀመሪያ ተቀምጦ ይራመዳል፣ ቀጥሎ በረጅሙ ይረግጣል፣ ከጥቂት ቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት እግሩን አንሥቶ ይንሸራተታል። አሥር ሜትር ያህል እግሩ መሬት ሳይነካ ሲሄድና ሲታጠፍ ካዩት ፔዳሉን የሚመልሱበት ጊዜ ደርሷል። የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ ለይተው፣ ጥቂት ቅባት ነክተው፣ መጀመሪያ በቁልፍ ሳይሆን በጣት ያስገቡት፤ በጣት አልዞር ካለ ተሳስቷልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።